«ፈንገሱ ከፈተው» የተባለ ዘረመል ሁሉ የሽርክናው አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ተክል ሥርና በውስጡ ስለሚኖረው፣ ፎስፌት እያቀበለ ከተክሉ ምግብ ስለሚቀበለው የማይኮራይዛ ፈንገስ በጋዜጦች የሚጻፈው እየበዛ መምጣቱ ያስደስታል። ነገር ግን አንድ አባባል ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሳይመረመር እየተላለፈ ነው፤ «ፈንገሱ ሥር ውስጥ ሲገባ ይህን ያህል መቶ የተክሉን ዘረመሎች ይከፍታል» የሚለው። አባባሉ ፈንገሱን አድራጊ፣ ተክሉን ተደራጊ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የተቆጠረው ዘረመል ሁሉ ለሽርክናው ሲል የተነሣ እንደሆነ አንባቢውን ያሳምናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁለተኛው ደግሞ ጋዜጣ አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለውንም ሰው የሚጥል ስለሆነ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝና መቼ እንደሚያሳስት ዘርዘር አድርገን መጻፍ መረጥን።

አንድ ዘረመል «ተገለጠ» የሚባለው በዲ ኤን ኤ ላይ ያለው መረጃ ወደ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ሲገለበጥ ነው። በዘገባ የምናየው «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚለው ነገር የእነዚህ ቅጂዎች ብዛት ንጽጽር ነው። ፕሮቲኑ ተሠርቷል ወይ፣ ተሠርቶስ በቦታው ደርሶ ይሠራል ወይ የሚለውን ቁጥሩ አይናገርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከተክሉ ነው፤ ከፈንገሱ ጋር ገና ሳይነካኩ። በአፈር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ነጻ ፎስፌት (ተክሉ ፎስፈረስን የሚወስድበት መልክ) አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሞላር በታች ነው። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ፎስፌት ደግሞ በአፈር ውስጥ በጣም ቀርፋፋ ተጓዥ ስለሆነ ከሩቅ አይተካለትም። ተክሉ ይህን ረሃብ የሚያውቀው ፒኤችአር በሚባሉ፣ ሌሎች ዘረመሎችን በሚያስነሡ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ፎስፌት ሲበቃ ኤስፒኤክስ የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ፒኤችአርን ጨብጠው ይይዙታል፤ ሲጎድል ይለቁታል። በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሩዝ ላይ የወጣ ሥራ እንዳሳየው፣ ፒኤችአር ከሚያስነሣቸው መካከል ለማይኮራይዛ ሽርክና የሚያስፈልጉ ዘረመሎች ይገኙበታል። ስለዚህ ለፈንገሱ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የተክሉ የራሱ የፎስፌት ሁኔታ ነው።

ረሃቡ ከሚያስነሣቸው መካከል ስትራይጎላክቶን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመርቱ ዘረመሎች አሉ። ሆርሞኑ ከሥሩ ወደ አፈሩ ይለቀቃል። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እጅግ ጥቂት መጠን ያለው ይህ ንጥረ ነገር የፈንገሱን ክሮች አብዝተው ቅርንጫፍ እንዲያወጡ ያደርጋቸዋል። የቅርንጫፎቹ መብዛት ፈንገሱ ሥሩን የማግኘት ዕድሉን ያሳድገዋል። (አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረምም ዘሩን የሚያበቅለው ይህንኑ ምልክት ተከትሎ ነው፤ ተክሉ ወዳጅ ሲጠራ ጠላትም ይሰማል።) በሩዝ ውስጥ ዲ14ኤል የተባለው የተቀባይ ፕሮቲን ዘረመል ሲጠፋ ደግሞ ፈንገሱ ሥሩ ላይ እንኳ ተጣብቆ መግቢያ መሥራት እንደማይችል በ2015 ታይቷል። እንግዲህ ፈንገሱ ሳይደርስ ተክሉ አስቀድሞ ራሱን አዘጋጅቷል ማለት ነው። በደንብ ፎስፌት ያገኘ ተክል አጠገብ ብዙ ስፖር (የፈንገሱ መራቢያ ቅንጣት) ቢፈስስ ብዙም ነገር አይሆንም።

ፈንገሱ በበኩሉ ከአራት ወይም ከአምስት ስኳር አሃዶች የተሠሩ አጫጭር የካይቲን (የፈንገስ ግድግዳ የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ቁርጥራጮችንና ቅባት የተያያዘባቸውን ተመሳሳይ ሞለኪዩሎች ይለቃል። በሥሩ ላይ ያሉ ተቀባዮች ይህን ሲያውቁ ሲምአርኬ የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን ያስተላልፋል፤ በኒውክለሱ ሽፋን ላይ የሚገኙት ካስተርና ፖለክስ የተባሉ የአዮን መተላለፊያዎች ይሳተፋሉ፤ በኒውክለሱ ውስጥና ዙሪያም የካልሲየም መጠን ከፍ ዝቅ እያለ ይመታል። ይህን ምት ሲሲኤኤምኬ የሚባለው ኢንዛይም ያነበዋል። ከዚያ ሳይክሎፕስ የተባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ እሱም ከዴላ ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ራም1ን ያስነሣል። የአርበስኩል፣ ማለትም ፈንገሱ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ የሚሠራው የልውውጥ አካል፣ ሥራ የሚመራው በአብዛኛው በዚህ በራም1 ነው።

እዚህ ላይ «የጨመሩ ዘረመሎች ዝርዝር» የሚያነብ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሲምአርኬ፣ ካስተር፣ ፖለክስ፣ ሲሲኤኤምኬ፣ ሳይክሎፕስ፤ ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር ሽርክናው በአግባቡ አይመሠረትም። ነገር ግን ፈንገሱ ሲመጣ የአብዛኞቹ መልእክተኛ አር ኤን ኤ እምብዛም አይለወጥም፤ ፕሮቲኖቹ ቀድሞም በቦታቸው ተቀምጠው ምልክት የሚጠብቁ ናቸውና። በጭማሪ ብቻ የሚፈልጋቸው አያገኛቸውም። የተገኙት የተሰበረ ዘረመል ያላቸው ተክሎች ፈንገሱን መቀበል ሲያቅታቸው በማየት ነው። ስለዚህ አንድ ዘረመል መጨመሩ አስፈላጊነቱን አያረጋግጥም፤ አለመጨመሩም ከንቱ አያደርገውም።

ፈንገሱ ወደ ውስጥ ሲያልፍም መንገዱን የሚሠራለት ተክሉ ነው። ክሩ ሥሩ ላይ ተጣብቆ መግቢያውን ከሠራ በኋላ፣ ከመግቢያው በታች ያለው የተክሉ ሕዋስ ኒውክለሱን አንቀሳቅሶ፣ የውስጥ አጽሙንና ስስ ሽፋኑን አደራጅቶ፣ ክሩ የሚያልፍበትን ቦይ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ይህ በ2005 በአጉሊ መነጽር በሕይወት ባለ ሥር ላይ ታይቷል። ከዚያ ክሩ በውስጠኛው የኮርቴክስ (ከሥሩ ቆዳ በታች ያለው ክፍል) ሕዋሳት መካከል ይሮጥና ወደ አንዳንዶቹ ገብቶ አርበስኩል የሚባለውን፣ እንደ ቁጥቋጦ የተከፋፈለውን አካል ይሠራል። አርበስኩሉ የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳል እንጂ ስስ ሽፋኑን አይበጥስም። ተክሉ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ዙሪያ አዲስ ሽፋን ያለብሳል፤ ልውውጡ የሚካሄደውም በዚያ ሽፋን በኩል ነው።

በሽፋኑ ላይ ከሚቀመጡት ፕሮቲኖች የታወቀው ፒቲ4 ነው። በ2001 በድንች ውስጥ በማይኮራይዛ የሚነሣ የፎስፌት አስተላላፊ ተገኘ፤ በ2002 ደግሞ በሜዲካጎ ትሩንካቱላ (በምርምር ብዙ የሚሠራበት የጥራጥሬ ወገን ተክል) ፒቲ4፣ በሩዝ ፒቲ11 ተለዩ። ፈንገሱ ከሩቅ ያመጣውን ፎስፌት ከአርበስኩሉ ተቀብለው ወደ ሕዋሱ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። የሚሠሩት በሽፋኑ ላይ ያለው የፕሮቶን ፓምፕ ኤችኤ1 የአሲድ ልዩነት ሲፈጥርላቸው ነው። በሜዲካጎ ፒቲ4 ሲሰበር አርበስኩሎቹ ቶሎ ይሞታሉ፤ ፎስፌት የማያቀብል አርበስኩልን ተክሉ አያቆየውም። ይህን ማፍረስ የሚመራው ኤምዋይቢ1 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ በ2017 ተገለጸ። በደህናው ተክልም ቢሆን አንድ አርበስኩል የሚኖረው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሥር ውስጥ አዲስ የተወለደ፣ የጎለመሰና የሚፈርስ አርበስኩል ጎን ለጎን ይገኛል። ልኬቱን ስንመለከት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በሌላው አቅጣጫ የሚሄደው ክፍያ ስኳር ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በቤተ ሙከራ ብዙ የሚሠራበት ራይዞፋጉስ ኢሬጉላሪስ የተባለው ፈንገስ ግን ፋቲ አሲድን ከመጀመሪያው የሚሠራው ዋናው ኢንዛይም ዘረመል የለውም። በ2017 የተለያዩ የምርምር ቡድኖች በተቀራራቢ ጊዜ እንዳሳዩት ተክሉ ቅባት ይመግበዋል። ፋትኤም የተባለው ኢንዛይም ባለ 16 ካርቦን ፋቲ አሲድ ያቀርባል፤ ራም2 ከግሊሰሮል ጋር ያያይዘዋል፤ ኤስቲአርና ኤስቲአር2 የተባሉ አጓጓዦች ደግሞ በአርበስኩሉ ዙሪያ ባለው ሽፋን ላይ ሆነው ቅባቱን ወደ ፈንገሱ ያሳልፉታል ተብሎ ይታሰባል። አርበስኩል ባለባቸው ሕዋሳት ውስጥ እነዚህ ዘረመሎች በአንድነት ከፍ ይላሉ። «ፈንገሱ የከፈታቸው» ከሚባሉት ውስጥ በእርግጥ የሽርክናው የሆኑት እንደነዚህ ያሉት ናቸው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ተመራማሪው ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሥሩን ፈጭቶ አር ኤን ኤ ያወጣል። የሚያገኘው የሕዋሳቱን ሁሉ አማካይ ነው፤ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሲጮኹ በር ላይ ቆሞ የአዳራሹን ድምፅ እንደ መለካት። ከሥሩ ሕዋሳት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ አርበስኩል ይዘዋል እንበል። በእነዚያ ውስጥ አንድ ዘረመል 10 እጥፍ ቢጨምር የሙሉ ሥሩ አማካይ 1.45 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት መቁረጫ 2 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ይህ ዘረመል ከዝርዝሩ ይወጣል። በእነዚያው ሕዋሳት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ደግሞ አማካዩ 0.95 ይሆናል፤ ይህን ከመለኪያው ስሕተት መለየት አይቻልም። በአንጻሩ ፒቲ4 ፈንገስ በሌለበት ሥር ከዜሮ ብዙም ስለማይርቅ (በሥር ጫፍ ላይ ጥቂት መገለጡ ቢታይም) በሺህ እጥፍ ጨመረ ሊባል ይችላል። ያ ሺህ የሚናገረው ስለ ፒቲ4 ጉልበት ሳይሆን አካፋዩ ከዜሮ አጠገብ ስለመሆኑ ነው። እንዲህ ላለው ዘረመል «ስንት እጥፍ» ከማለት ይልቅ ከማመሳከሪያ ዘረመል (መገለጡ ከማይለዋወጥ ዘረመል) ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደተገለጠ መጻፍ ይሻላል።

ከዚህ የባሰ አሳሳች ነገር የፈንገሱ ስርጭት ልዩነት ነው። የአንዱ ተክል ሥር 20 በመቶ፣ የሌላው 60 በመቶ በፈንገስ ተይዞ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ምንም ለውጥ ሳይኖር የፒቲ4 መጠን በሦስት እጥፍ ሊለያይ ይችላል። «ይህ ማዳበሪያ የሽርክና ዘረመሎችን ቀነሰ»፣ «ይህ ዘር የበለጠ ይገልጻል» የሚሉ ብዙ መደምደሚያዎች በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። የተሰበረ ራም1 ያለው ተክል ፒቲ4 ዝቅ ቢልበት፣ ራም1 ፒቲ4ን በቀጥታ ያዝዛል ማለት ነው ወይስ አርበስኩሉ ስላልተሠራ የሚገለጥበት ሕዋስ ጠፋ? ከሙሉ ሥር በወጣ አንድ ቁጥር ይህን መለየት አይቻልም።

ሦስተኛው ችግር ፎስፌቱ ራሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውም እሱ ይመስለናል። ፈንገስ ያለበት ተክል ሲጠግብ በረሃብ ጊዜ የሚነሡት ዘረመሎች ይወርዳሉ። ፎስፌትን ከአፈር በቀጥታ የሚያስገቡት የሥሩ ውጫዊ አስተላላፊዎች በብዙ ተክሎች ውስጥ ይቀንሳሉ፤ የስትራይጎላክቶን ዘረመሎችም እንዲሁ። በቅጠል ላይ የሚታየው ለውጥማ በአመዛኙ ከዚህ ይመጣል። ፈንገስ የሌለበትን የተራበ ተክል ፈንገስ ካለበት የጠገበ ተክል ጋር ያወዳደረ ሰው የማይኮራይዛን ሥራና የፎስፌትን ሥራ ቀላቅሎ ነው የሚቆጥረው። መፍትሔው ሦስተኛ ቡድን መጨመር ነው፤ ፈንገስ የሌለበት፣ ነገር ግን ፈንገስ ካለበት ተክል ጋር በክብደትና በቅጠል ፎስፈረስ እስኪስተካከል ድረስ ፎስፌት የተጨመረለት። መጠኑን ለማግኘት አስቀድሞ ሦስት አራት የፎስፌት ደረጃዎችን መሞከር ይጠይቃል። አድካሚ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚህ ነው። ያለ እሱ ግን የዝርዝሩ ግማሽ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሙከራው በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል እንግለጽ። መትከያው የታጠበ አሸዋ፣ ወይም አሸዋና ቨርሚኩላይት (ውኃ የሚይዝ ቀላል ማዕድን) ቅልቅል ይሁን። በኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ዕቃ) በ121 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ በድጋሚ ይሞቅ። አፈር ከገባበት ሙቀቱ አሞኒየም፣ ማንጋኒዝና ፎስፌት ስለሚለቅ ከመትከል በፊት በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። የሆግላንድ የምግብ ውኃ በሙሉ ጥንካሬው 1 ሚሊሞላር ፎስፌት ይዟል፤ ይህ ለብዙ ተክሎች ሽርክናውን ለማፈን የሚበቃ ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ፎስፌቱን ብቻ ቀንሰው ከ20 እስከ 100 ማይክሮሞላር አካባቢ ይጠቀማሉ። ሙሉውን ውኃ በማቅጠን ፎስፌትን መቀነስ ግን ናይትሮጅንንም ይቀንሳል፤ የናይትሮጅን ረሃብ ደግሞ ውጤቱን ያዛባል። ፒቲ4 የተሰበረበት ሜዲካጎ እንኳ ናይትሮጅን ሲያጣ አርበስኩሎቹን ሳያፈርስ እንደሚያቆይ በ2011 ታይቷል።

የፈንገሱ ዘር (ተክሉን ለማስያዝ የሚሰጠው) ከተበከለ አፈር ሳይሆን ተለይቶ በቤተ ሙከራ በሚያድግ ንጹሕ ሥር ላይ የተባዙ ስፖሮች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ይህ የአሠራር ዘዴ ከ1988 ጀምሮ በሰፊው ይታወቃል። ለማወዳደሪያው ተክል የሚሰጠው ስፖሮቹ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠቡበት ውኃ ነው። በአፈር የሚመጣ ዘር ከሆነ ግን የተገደለ ዘር ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ከፈንገሱ ጋር የሚመጡት ባክቴሪያዎች በአንዱ ቡድን ውስጥ ኖረው በሌላው ይጠፋሉ። ከሕያው ዘር የታጠበውን ውኃ ስፖርና ክር በማያሳልፍ፣ ቀዳዳው በግምት ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ አጣርቶ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ የባክቴሪያ ምላሽ በፈንገሱ ስም ይመዘገባል።

ቀኑም መነገር አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚለካው በመሠረቱ የንክኪና የመግቢያ ምላሽ ነው፤ አርበስኩል በብዛት ሲታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሆናል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲደርስ ሁሉም ደረጃ ተደባልቋል። አስቀድሞ በፈንገስ ከተያዙ አሳዳጊ ተክሎች አጠገብ ቡቃያውን መትከል መግቢያውን በአንድ ጊዜ እንዲሆን ይረዳል። በተለያየ ሰዓት የተነቀሉ ተክሎች የቀንና የሌሊት ዑደታቸው ስለሚለያይ ነቀላው በአንድ ሰዓት ገደማ ይሁን። ሥሩ በቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታጥቦ፣ ውኃው ተመጥጦ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወዲያው ይቀዝቅዝ። መልእክተኛ አር ኤን ኤ ፈጥኖ የሚፈርስ ነው፤ ሥሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲመርጡ መቆየት የመነቀልና የመቁሰል ምላሽ የሆኑ ዘረመሎችን ያስነሣል።

ከዚያ በፊት ግን ከእያንዳንዱ ተክል ሥር የተወሰነው ለማቅለሚያ ይቀመጥ። ይህን የዘለለ ሥራ ውጤቱን የሚያመሳክርበት ነገር የለውም። ሥሩ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል፤ ለቀጭን ሥር 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ወፍራምና የጠቆረው አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በውኃ ይታጠብና በነጭ ኮምጣጤ ውስጥ 5 በመቶ የብዕር ቀለም በተጨመረበት ፈሳሽ ለ3 ደቂቃ ያህል ይፈላል። ትርፍ ቀለሙ ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ ባለው ውኃ ይወጣል። ሥሩ ቢላሽቅ ሙቀቱ በዝቷል፤ ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ኮምጣጤው ወይም እጥበቱ አንሷል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር 200 እጥፍ ላይ የአጉሊ መነጽሩ መስመር ሥሩን በሚያቋርጥባቸው ቢያንስ 100 ነጥቦች ላይ ክር፣ አርበስኩልና ቬሲክል (የፈንገሱ ማከማቻ ከረጢት) ለየብቻ ይቆጠራሉ። «60 በመቶ ተይዟል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ክር ብቻ ያለበት 60 በመቶና አርበስኩል የሞላበት 60 በመቶ የተለያየ የዘረመል መገለጥ አላቸው።

አር ኤን ኤው ሲወጣ ከ100 ሚሊ ግራም ያህል የተፈጨ ሥር ለብዙ ኪቶች በቂ ነው። የሥር ፊኖልና የስኳር ሰንሰለቶች ስለሚከተሉት የንጽሕና መለኪያ የሆነው የ260 እና 230 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጥ ንጽጽር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ናሙና አር ኤን ኤን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠውን ግልባጭ ኢንዛይም ያዳክማል። በዲ ኤን ኤ አፍራሽ ኢንዛይም ማጽዳት ግዴታ ነው፤ ግልባጭ ኢንዛይም ያልተጨመረበት ናሙናም አብሮ መሮጥ አለበት። በኪው ፒሲአር (ቅጂዎችን እያበዛ በሚለካው ዘዴ) የእያንዳንዱ ፕራይመር (የሚበዛውን ዘረመል የሚመርጥ አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ቅልጥፍና በደረጃ በተቀነሰ ናሙና ይፈተሻል፤ የመስመሩ ዝንባሌ በግምት ከ3.6 እስከ 3.1 ተቀናሽ ሲሆን ቅልጥፍናው ከ90 እስከ 110 በመቶ ነው። ማመሳከሪያው አንድ ዘረመል ብቻ መሆን የለበትም፤ ሁለት ወይም ሦስት ይሁን፤ በፎስፌት ለውጥ እንደማይናወጡም በዚያው ሙከራ ይረጋገጥ። የፈንገሱ የራሱ ዘረመል፣ ለምሳሌ የትርጉም ማራዘሚያ ፕሮቲኑ፣ ከተክሉ ማመሳከሪያ አንጻር ቢለካ በዚያው ናሙና ውስጥ ምን ያህል ሕያው ፈንገስ እንዳለ ፍንጭ ይሰጣል። ፈንገስ ባልተሰጠው ተክል ውስጥ ፒቲ4 ጎልቶ ከታየ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብክለት ነው፤ ያንን ሥር አቅልሞ ማየት ነው።

ሙሉውን አር ኤን ኤ በሲክዌንሲንግ (የፊደል ቅደም ተከተሉን በማንበብ) መለካት ሌላ ወጥመድ ይጨምራል። ፈንገሱም እንደ ተክሉ ባለ ኒውክለስ ፍጡር ስለሆነ፣ መልእክተኛ አር ኤን ኤን በአዴኒን ጅራቱ የሚለየው የተለመደ ዝግጅት የሁለቱንም ይዞ ይመጣል። የተነበቡት ቁራጮች በተክሉና በፈንገሱ ጂኖም ላይ በአንድ ጊዜ መሰደር አለባቸው፤ በተክሉ ብቻ ከተሰደሩ ለሁለቱም ተመሳሳይ የሆኑ የፈንገስ ቁራጮች በተክሉ ስም ይቆጠራሉ። ከዚያ ሁለቱ ተለያይተው የተክሉ ለብቻው ይመጣጠን። በጠቅላላ ድምር ከተካፈለ ፈንገስ በበዛበት ናሙና የተክሉ ዘረመሎች ሁሉ የወረዱ ይመስላሉ። ሦስት ድጋሚ ናሙና የተለመደ ዝቅተኛ ነው፤ እኛ ግን ስርጭቱ ከተክል ተክል እንዲህ በሚለያይበት ሥራ አይበቃም ባዮች ነን። አንድ ማሰሮ ውስጥ ያሉ አምስት ተክሎችም አምስት ናሙና አይደሉም፤ የገንዘብ እጥረት ባለበት የንባቡን ጥልቀት ቀንሶ የማሰሮውን ቁጥር መጨመር ይሻላል።

የአማካዩን ችግር የሚያልፉ መንገዶች አሉ። አርበስኩል ያለባቸውን ሕዋሳት በሌዘር ቆርጦ መውሰድ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። የዘረመሉን ማስነሻ ክፍል ከቀለም ሰጪ ጋር አያይዞ የት ሕዋስ እንደሚበራ ማየትም አሁንም ጠቃሚ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኒውክለሶችን አንድ በአንድ ማንበብና የቦታ መረጃን የሚይዝ ንባብ ወደ ሜዲካጎ ሥር መጥቷል። አንድ ኒውክለስ የሚሰጠው ቅጂ ግን ትንሽ ስለሆነ ዝቅ ብለው የሚገለጡ ዘረመሎች እንደጠፉ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

ለሽርክናው ልዩ የሆኑትን ለመለየት የረዳ ሌላም መንገድ አለ፤ የጠፉትን ማየት። ከመሬት ዕፅዋት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚህ ዓይነት ፈንገስ ጋር ይኖራሉ። የጎመን ቤተሰብ ግን፣ በቤተ ሙከራ ብዙ የሚጠናውን አራቢዶፕሲስን ጨምሮ፣ ትቶታል፤ ሉፒንም (ግብጦ) ትቶታል። በትተውት የሄዱ የተለያዩ የዘር ሐረጎች ውስጥ ተመሳሳይ ዘረመሎች በየራሳቸው ጠፍተዋል። በ2016 የወጣ አንድ ንጽጽር በዚህ መንገድ በሽርክናው ተክሎች ውስጥ ተጠብቀው የቆዩ 138 ዘረመሎችን በሜዲካጎ ለይቷል፤ ራም1፣ ራም2፣ ኤስቲአር የመሳሰሉት በዚህ መንገድ በሚወጡ ዝርዝሮች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። በአንድ ሙከራ «ከጨመሩ» ብዙ መቶዎች ጋር ይህ ሲነጻጸር፣ መጨመርና ለሽርክናው ልዩ መሆን ምን ያህል እንደሚራራቁ ይታያል። እርግጥ ነው፣ እንደ ሲሲኤኤምኬ ያሉት በአንዳንድ ተክሎች ናይትሮጅን ከሚያቀርቡ ባክቴሪያዎች ጋር ላለው ሌላ ሽርክናም ስለሚያገለግሉ በሉፒን ውስጥ ይቆያሉ፤ ይህም መንገድ ቢሆን ሁሉን አይዝም።

አንድ ነገር ደግሞ ለግብርና ገጻችሁ። ፒቲ4 ከፍ ብሎ መገለጡ አዝመራው ይጨምራል ማለት አይደለም። በቲማቲም ላይ በራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ የተደረገ ክትትል በ2003 እንዳሳየው፣ ተክሉ በክብደት ምንም ሳይጨምር ፎስፌቱን በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን በፈንገሱ በኩል ሊያገኝ ይችላል፤ የፈንገሱ መንገድ ሲከፈት የራሱ ቀጥተኛ መንገድ ይዳከማልና። በፈንገስ ማዳበሪያ ማሸጊያ ላይ «የፎስፌት ዘረመሎችን ያነቃል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣላችሁ፣ የአፈሩ ፎስፌት ስንት እንደነበር፣ ከማሸጊያው ዘር ሕያው ስፖር ስንት እንደተቆጠረ፣ ማዳበሪያው ያልተሰጠው ሥር በአካባቢው ፈንገስ ምን ያህል ተይዞ እንደነበር ጠይቁ። የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ አልተለካም።

ዝርዝር ዘገባ ስታወጡም ከዘረመሉ ቁጥር ጎን የተክሉን ዓይነት፣ ፈንገሱን፣ ከተከተበ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የተሰጠውን ፎስፌት፣ የአርበስኩሉን መቶኛና ፎስፌት የተጨመረለት ማወዳደሪያ መኖር አለመኖሩን በአንድ መስመር ብታስገቡ፣ አንባቢ አንዱን ዘገባ ከሌላው ማነጻጸር ይችላል። ይህ መረጃ ብዙውን ጊዜ በጥናቱ የአሠራር ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ከሌለም አለመኖሩ ራሱ ሊጻፍ የሚገባው ዜና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በተክልና በፈንገስ ግንኙነት ላይ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ